ውሃ ጥም የሚቀሰቅስ ሥዕል፦ በምትወዷቸው መጠጦች ፖርትፎሊዮ እንዴት ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ መሳል የሚችል ሰው ሞልቷል። ሥራ የሚያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። ካፌ ሊከፍት ያሰበ ሰው፣ ጁስ አሽጎ ሊሸጥ የተነሳ ወጣት ወይም የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ያለ አርት ዳይሬክተር ፖርትፎሊዮአችሁን (የሥራ ናሙና ስብስባችሁን) ሲከፍት «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚለው «የኔን ነገር ይሠራልኛል ወይ?» ነው። የቁም ምስል፣ የአንበሳ ፊትና የላሊበላን ቤተ ክርስቲያን ደርድራችሁ ብታሳዩት «በርቱ» ብሎ ይሸኛችኋል። ሜኑውን ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

መጠጥ ሳሉ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ብርጭቆ ውስጥ መስታወት አለ፣ ፈሳሽ አለ፣ አረፋ አለ፣ የማንኪያው ብረት አለ፣ አንዳንዴም ፍራፍሬና እንፋሎት አለ። ይሄን ሁሉ አሳምሮ የሳለ ሰው ሽቶም ማርም ዘይትም መሳል እንደሚችል ደንበኛው ሳይነገረው ይገባዋል። ገበያውም ቅርብ ነው፤ ካፌ፣ ጁስ ቤት፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ፣ የውሃ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ሁሉም መጠጥ ይሸጣል። የምትወዱትን ምረጡ የምለው ደግሞ ለስሜት ብዬ አይደለም። የምትወዱትን መጠጥ ከመጠጣታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አይታችሁታል፤ ማኪያቶው ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከኢንተርኔት ፎቶ የሳለ ሰው ይሄን አያውቅም።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት «ይሄ ሥዕል የት ነው የሚታተመው?» ብላችሁ መልሱን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። «የጁስ ቤት ሜኑ»፣ «የማር ጠጅ ጠርሙስ ሌብል»፣ «የካፌ ግድግዳ»፣ «የቴሌግራም ስቲከር»። መልስ ካጣችሁለት ሥዕሉን ለራሳችሁ ሳሉት፤ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ግን አታስገቡት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

1. መጠጦቹን ምረጡ

ለመጀመሪያው ዙር ከስድስት እስከ ስምንት መጠጥ ይበቃል። ስትመርጡ በጣዕም ሳይሆን በመልክ ለያዩዋቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ይኑር፤ ሻይ ወይም የተጣራ ጠጅ። ብርሃን የማያሳልፍ ይኑር፤ በሶ፣ እርጎ ወይም የሱፍ ውሃ። ንብርብር ያለው ይኑር፤ ስፕሪስ። አረፋ ያለው ማኪያቶ አለላችሁ። ምንም ቀለም የሌለው ደግሞ ጋዝ ያለው ውሃ ነው፤ እሱን መሳል የቻለ ሰው ሌላውን አይፈራም። አንድ ትኩስ፣ አንድ ቀዝቃዛ፣ አንድ የጾም መጠጥ ካካተታችሁ ስብስቡ ሙሉ ነው። የጾም መጠጥ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በሁዳዴ ሰሞን ካፌው ሁሉ የጾም ሜኑ ያወጣል፣ ለተልባና ለሱፍ ግን የሚረባ ሥዕል የሠራ ሰው ብዙም አይገኝም።

ስለ ጀበና አንድ ነገር ልበል። ጀበና፣ ስኒ፣ ቄጠማ፣ እጣን፣ ነጭ የለበሰች ሴት... ይሄን ሥዕል አርት ዳይሬክተሩ ዛሬ ጠዋትም አይቶታል። ቡና አትሳሉ አላልኩም፤ ቡና የሌለበት የኢትዮጵያ የመጠጥ ፖርትፎሊዮ ይጎድለዋል። ግን ሌላ ቦታ ቁሙ። ከላይ ወደ ታች ረከቦቱን ብቻ፣ ወይም ጤና አዳም ጣል የተደረገባትን አንዲት ስኒ ቀረብ ብላችሁ፣ ወይም የመንገድ ዳር ቡና በአጭር በርጩማ ሳሉ።

አልኮልንም አስቡበት። ጠጅ በብርሌ ለዓይን የሚያምር ነገር ነው፣ እኔም ከታች ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ስለዚህ የአልኮል ሥዕላችሁ ቦታው ሌብል፣ ሜኑ፣ የቤት ውስጥ ግድግዳ ወይም የስጦታ ካርቶን ነው። የፖርትፎሊዮው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢራ አታስቀምጡ። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች ደንበኛ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ጠጁን ያወጣችሁበት ሌላ ፋይል ይኑራችሁ።

2. ግዙት፣ እዩት፣ ፎቶ አንሱት

ከኢንተርኔት ፎቶ አውርዳችሁ አትገልብጡ። ፎቶው የሰው ንብረት ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ሕጉ እንኳ ባይኖር ያው ፎቶ ሌላ ሰዓሊ ጋም አለ።

መጠጡን ግዙ። መስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ያዙ። ብርሃኑ ከጎን ወይም ከጎን ኋላ ይምጣ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ፈሳሹን ያፈዘዋል፣ የስልክ ፍላሽ ደግሞ ይገድለዋል። አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ ጥቁር ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁሩን ካርቶን ከብርጭቆው ጎን፣ ከፎቶው ውጪ ብታቆሙት የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ይመጣል፤ ብርጭቆው ከጀርባው ተላቆ ይወጣል። ነጩን ከኋላ ብታደርጉት ሻዩ ይበራል። አስተናጋጁ ቢስቅባችሁ ፈታ በሉ።

ከሦስት ቦታ አንሱ፦ ከብርጭቆው ጋር እኩል ዝቅ ብላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ከምታዩበት ከፍታ፣ እና ቀጥ ብላችሁ ከላይ። ፍጠኑ። የማኪያቶ አረፋ ብዙ አይቆይም፣ በረዶ ይቀልጣል፣ ስፕሪስ ላይ የፈሰሰው ቪምቶ እየሰመጠ ይሄዳል። ከዚያ እየጠጣችሁ ማስታወሻ ጻፉ። ስልክ የማይዘው ነገር አለ፦ የአረፋው ጠርዝ ላይ የቀረችው ቡናማ ቀለበት፣ የጁሱ ውፍረት፣ «ጠቆር ያለ» ብላችሁ ያዘዛችሁት ማኪያቶ «ነጣ ካለው» ጎን ሲቀመጥ በቀለም ምን ያህል እንደሚለይ።

3. ስኬች፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ለአንድ መጠጥ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ስድስት ያህል ትንንሽ ስኬቾች ሥሩ። ዝርዝር አያስፈልግም፤ ብርጭቆው የት ይቁም፣ ጥላው ወዴት ይውደቅ፣ ጽሑፉ የት ይግባ የሚለውን ብቻ ወስኑ። ጽሑፉን አትርሱ! ለንግድ የሚሠራ ሥዕል ብዙ ጊዜ ስም ወይም ዋጋ ይጻፍበታል። ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሥዕል ለሳሎን ያምር ይሆናል፤ ዲዛይነሩን ግን ያስለቅሰዋል።

ጀማሪ ከሙያተኛ የሚለየው በሞላላው ነው። የብርጭቆ አፍ ክብ ነው፣ ከጎን ስታዩት ሞላላ ይሆናል። ከዓይናችሁ ከፍታ ወደ ታች በራቀ ቁጥር ሞላላው እየሰፋ ወደ ክብ ይጠጋል። ስለዚህ የብርጭቆው ታች ከአፉ ይበልጥ የሰፋ ሞላላ ነው። ብዙ ሰው አፉን ሞላላ አድርጎ ታቹን በቀጥታ መስመር ይዘጋዋል፤ ብርጭቆው ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስለው በዚህ ነው። የፈሳሹ ጣሪያም በአፉና በታቹ መሀል ያለ ሌላ ሞላላ ነው። የንብርብሮቹ መስመሮችም እንዲሁ ይጎብጣሉ። የሞላላው ሁለት ጫፎች ደግሞ ሹል አይሆኑም፣ ዞር ይላሉ።

ብርሌ ሲሆን ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ያስቸግራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስስ ወረቀት ላይ መሀል መስመር አስምሩ፣ ግማሹን ብርሌ ብቻ በለስላሳ እርሳስ ሳሉ፣ መስመሩ ላይ እጠፉት፣ ከኋላው በጥፍር ወይም በማንኪያ እሹት። ሌላው ግማሽ ራሱን ያትማል። በዲጂታል የምትሠሩ ከሆነ አንዱን ጎን በሌላው ላይ የሚደግመው መሣሪያ ይሄንኑ ይሠራላችኋል። የሥዕል መተግበሪያዎቹ ፕሮክሬትም ነፃው ክሪታም አላቸው፣ ስልክ ላይ ደግሞ አይቢስ ፔይንት አለ። መሣሪያ የለኝም ብሎ ነገር የለም፤ ይሄን ሥራ በእርሳስና በአንድ ሳጥን የውሃ ቀለም የጀመረ ሰው ብዙ ነው።

4. ስፕሪስ፦ ከባዶ ወረቀት እስከ መጨረሻው

እንደ ምሳሌ አንዱን ሙሉ በሙሉ እንሥራው። ጥግ ላይ የምትጽፉት፦ «የጁስ ቤት ሜኑ፣ የፊት ገጽ»። የምገልጸው በውሃ ቀለም ነው፤ በዲጂታል ስትሠሩ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በራሱ ሌየር (አንዱ ባንዱ ላይ የሚነባበር ገጽ) ላይ አድርጉት።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ይሁን፤ ስሱ ይጨማደዳል። እርሳሱን ሳትጫኑ ንድፉን አስቀምጡ።

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡ። ስፕሪስ ወፍራም ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ በጁሱ ውስጥ አልፎ የሚታይ ነገር የለም። ታዲያ ብርጭቆ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሦስት ቦታ ብቻ፦ ከጁሱ በላይ በቀረው ባዶ አፍ፣ ከታች ባለው ወፍራም መስታወት፣ እና በጎኑ ቀጥ ብሎ በሚወርደው የመስኮቱ ነጸብራቅ። ነጸብራቁን አሁኑኑ ለዩት። የማስኪንግ ፈሳሽ (ቀለም እንዳይነካው ወረቀቱን የሚሸፍን፣ በኋላ የሚላጥ) ካላችሁ ቀቡት፤ ከሌላችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ከልላችሁ ወረቀቱን ነጭ ተዉት። በኋላ በነጭ ጉዋሽ (ደፍኖ የሚቀባ የውሃ ቀለም) የሚመጣው ነጭ እንደ ወረቀቱ ነጭ አያበራም።

ከማንጎው ጀምሩ፤ ቀላሉ ቀለም እሱ ነው። ከዚያ ፓፓያ፣ መጨረሻ ላይ አቮካዶ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የፓፓያው ቀይ ብርቱካናማና የአቮካዶው አረንጓዴ እርጥብ እንዳሉ ከተነካኩ ጭቃ ይወጣቸዋል። ማንጎውን መሀል አድርጉት፤ ቢጫ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ማንጎ ከሌለበት ደግሞ አንዱ በደንብ ሳይደርቅ ሌላውን አታስጠጉ። ድንበሩን በማስመሪያ የተሰመረ አታስመስሉት። ጁሱ በማንኪያ ነው የሚደረደረው፤ አንድ ቦታ ይሰምጣል፣ አንድ ቦታ ምላስ ያወጣል። ይሄ መዛነፍ ነው ሥዕሉን «ጠጥቼዋለሁ» የሚያሰኘው።

የአቮካዶን አረንጓዴ ከቱቦ ቀጥታ አታውጡ፤ ሳሙና ይመስላል። ቢጫ ላይ ትንሽ ሰማያዊ፣ ከዚያ የሚረብሸው ትንሽ ቡናማ ጠብ አድርጉበት።

ሦስቱም ሲደርቁ፣ ሲደርቁ ስል እጅ ሲነካቸው የማይቀዘቅዙ ሲሆኑ፣ ቪምቶውን አምጡ። ይሄ መጠጥ እ.አ.አ. በ1908 ማንችስተር ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ዛሬ የገልፍ አገሮች የረመዳን ገበታ ላይ አይጠፋም፣ የኛም ጁስ ቤት ያለ እሱ ስፕሪስ አይሠራም። በጁሱና በመስታወቱ መሀል ሾልኮ ነው የሚወርደው። ከላይ ሰፋ ብሎ ይጀምራል፣ ሲወርድ ይቀጥናል፣ መጨረሻው ላይ ክብ ጠብታ ይሆናል። ቀለሙ አንድ አይነት አይደለም፦ አቮካዶው ላይ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ማንጎው ላይ ግን ቀይ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ ሁለት ድብልቅ አዘጋጁ። ሁሉንም አንድ ቀይ ከቀባችሁት ካቻፕ ይሆናል።

የታችኛው ወፍራም መስታወት ባዶ ግራጫ አይደለም። ከላዩ ያለውን የጁስ ቀለም ይስባል፣ ተቆራርጦ፣ ከነጭና ከጥቁር ስብርባሪ ጋር። ፎቶአችሁን አጉሉና ያያችሁትን ቅርጽ ብቻ ገልብጡ፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት አትሞክሩ። የማንኪያውን እጀታም እንደዚሁ። ብረት የራሱ ቀለም የለውም፣ ያካባቢውን ነው የሚያሳየው።

ግማሽ ሎሚ ጨምሩ። ጥላውን በቀዝቃዛ ሰማያዊ ግራጫ ጣሉ፣ ብርጭቆው አጠገብ ጠቆር፣ ሲርቅ ፈዘዝ አድርጉት። የውሃ ጠብታ ግን ብርጭቆው ላይ አትደርድሩ። ስፕሪስ አያልብም፤ ጠብታውን ለቀዘቀዘ ለስላሳ አቆዩት።

5. ጠጅ በብርሌ

ብርሌ የስፕሪስ ተቃራኒ ነው። እዚህ ሁሉም ነገር ብርሃን ነው። ሆዱ ክብ ስለሆነ፣ በተጣራ ጠጅ ሲሞላ ሌንስ ይሆናል። መስኮቱ በግራ ካለ ዓይናችሁ «ግራው ይበራል» ይላችኋል። ተሳስቷል። ግራው ላይ የምታገኙት ትንሽ፣ ስል፣ ነጭ የመስኮት ነጸብራቅ ነው፤ ከሱ ጀርባ ያለው ፈሳሽ ግን ጠቆር ይላል። ብርሃኑ ተሻግሮ የሚከማቸው በቀኝ፣ ወደ ታች ነው። ጠጁ ወርቅ የሚሆነው እዚያ ጋ ነው። ይሄንን የገለበጠ ሰው የሳለው ብርሌ የተቀባ ኳስ ይመስላል።

ቀጥሎ አንገቱ። ቀለም በውፍረት ይወሰናል፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ያው ጠጅ እዚያ ፈዘዝ ይላል። ጠረጴዛውንም እዩት። የብርሌው ጥላ ደፍኖ ጥቁር አይደለም፤ መሀሉ ላይ ቢጫ የብርሃን ምልክት ይወድቃል። እሷን ብቻ ብትጨምሩ ሥዕሉ ዋጋው ይጨምራል። ጠጁ ድፍርስ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ የለም፤ ብርሃኑ ውስጡ ይበተናል፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ይሆናል። የቱን እየሳላችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ወስኑ፤ ጠጅ አዋቂ ወዲያው ነው የሚይዛችሁ።

6. የቀሩት በጥቂቱ

ቡና፦ ጥቁር ቱቦውን አትክፈቱ። በርንት አምበር የተባለውን ጠቆር ያለ ቡናማና አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅሉ። ፈሳሹ ስኒውን የሚነካበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ተዉ፤ ላዩ ላይ የስኒው ነጭ ግድግዳ ነጸብራቅ ይታያል።

እንፋሎት፦ ነጭ ወረቀት ላይ እንፋሎት አይታይም። ጀርባው ጠቆር ይበል፣ ከዚያ ቀለሙን በእርጥብ ብሩሽና በሶፍት አንስታችሁ እንፋሎቱን አውጡ። ሦስት የሚወዛወዙ መስመሮች ለአይኮን ብቻ ነው የሚሆኑት።

ጋዝ ያለው ውሃ፦ ውሃውን አትሳሉ። ጀርባውን፣ የመስታወቱን ጥቁር ጠርዞችና አረፋዎቹን ሳሉ። አረፋው በየቦታው አይበተንም፤ ግድግዳውና ውስጡ ሎሚ ካለ ሎሚው ላይ ይለጠፋል፣ ጣሪያው ላይ ይሰበሰባል።

የጠርሙስ ላብ፦ እያንዳንዷ ጠብታ በብርሃኑ በኩል ጠቆር፣ በተቃራኒው ፈካ፤ በብርሃኑ በኩል አንዲት ነጭ ነጥብ፣ ከሥሯ ቀጭን ጥላ። መጠናቸው ይለያይ። ሁለት ሦስቱ ተያይዘው ይውረዱ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

7. ሥዕሉን ወደ ሥራ ቀይሩት

ብዙ ሰው ስምንት ብርጭቆ ስሎ እዚህ ጋ ያቆማል። ስምንት ብርጭቆ ግን ገና ልምምድ ነው። ጥግ ላይ የጻፋችሁትን አሁን ፈጽሙት።

ሜኑ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ስታይል፣ በአንድ የብርሃን አቅጣጫ፣ በአንድ የመስመር ውፍረት አድርጋችሁ እንደገና ሳሉ፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለወጥነት ነው። ሌብል ከሆነ ሥዕሉን አቅልሉት፤ አውራ ጣት በሚያህል ቦታ ላይ አንሳችሁ ተመልከቱት፣ ምን እንደሆነ ካልተለየ ገና ነው። የወረቀት ኩባያ ከሆነ የቡና ፍሬ፣ ስኒ፣ ጤና አዳም እየደጋገመ የሚሄድ ፓተርን ሥሩ። ማሸጊያ ከሆነ የሻይ ቅመሙን በትኑት፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል። ለሶሻል ሚዲያ ደግሞ እንፋሎቱ ብቻ የሚንቀሳቀስበት አጭር አኒሜሽን ይበቃል።

ፖስተር ከሆነ ሐሳብ ያስፈልገዋል፣ ብርጭቆ ብቻውን አይበቃም። የመጠጥ ፖስተር አባት ከሚባሉት አንዱ ሊዮኔቶ ካፒዬሎ ነው፤ ጣሊያን ተወልዶ ፓሪስ የሠራ ሰዓሊ። እ.አ.አ. በ1910 ቺንዛኖ ለተባለው የወይን ጠጅ ቀይ የሜዳ አህያ ሳለ። በ1921 ካምፓሪ ለተባለው መጠጥ በብርቱካን ልጣጭ የተጠቀለለ፣ ጠርሙስ የያዘ ቀይ አሻንጉሊት መሳይ ሰው ሳለ። አህያ ከወይን ጠጅ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ግን መንገድ ላይ ያለፈ ሰው አይረሳውም። በኛ ስታስቡት ስንት ነገር አለ! ስድስት ማኪያቶ በአንድ እጁ ደርድሮ በወንበሮች መሀል የሚሾልክ አስተናጋጅ። በጁስ መፍጫ ጩኸት የሚደናበር ሰፈር። ከብርሌው አንገት ማሲንቆውን ይዞ የሚወጣ አዝማሪ። እነዚህን ማንም ከኢንተርኔት አያመጣቸውም።

ፊደሉንም በእጃችሁ ጻፉ። ይሄን በጣም አስምሩበት። «ስፕሪስ» የሚለውን ቃል ራሱን ከሚፈስ ጁስ፣ «ጠጅ»ን ከማር ክር አድርጎ መጻፍ የሚችል ሰው ፈላጊው ብዙ ነው፤ የግዕዝ ፎንት ምርጫ ከላቲኑ ጋር ሲነጻጸር ውስን ስለሆነ ዲዛይነሮች ይቸገራሉ። አንድ ሁለት ገጽ የመጠጥ ስም ብቻ በእጅ የተጻፈበት ቢኖራችሁ ሌላውን ሥራ ይጎትትላችኋል።

ስለ ብራንድ፦ የታወቀ ጠርሙስ ለልምምድ መሳል ችግር የለውም፣ ግን ሥሩ «የግል ሥራ» ብላችሁ ጻፉ። ድርጅቱ ያዘዛችሁ አስመስላችሁ አታቅርቡ፣ አርማው ያለበትንም አትሽጡ። የሚሻለው የራሳችሁን ብራንድ መፍጠር ነው። ስም አውጡለት፣ ሌብል ሥሩለት፣ ሞክአፕ (እውነተኛ ዕቃ ላይ የታተመ የሚያስመስል ምስል) ላይ አድርጋችሁ መደርደሪያ ላይ አሳዩት።

8. ፋይሉን አስተካክሉ

ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ከምታፍሩ ከጅምሩ ትክክል ሁኑ። ለህትመት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)። ኤ4 ማለት በዚህ መጠን 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ ሸራውን ከመጀመሪያው እንደዚያ ክፈቱ፣ ትንሽ ከፍቶ በኋላ መለጠጥ አያዋጣም። በሚቆረጠው ዳር ሁሉ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ቀለም ተዉ። በወረቀት የሠራችሁትን በስካነር አስገቡ፣ ሊጎላ ከሆነ በ600። የስልክ ፎቶ ለሜኑ አይሆንም።

ቀለሙ ደግሞ ያታልላል። ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) ያበራል፣ ማተሚያው በሲኤምዋይኬ (በአራት የማተሚያ ቀለም) ያትማል። የሚደበዝዙት ደግሞ እነዚሁ የኛ ቀለሞች ናቸው፦ የማንጎው ብርቱካናማና ደማቁ አረንጓዴ። ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይራችሁ አንድ ገጽ አሳትሙና እዩት።

9. ማሰባሰብና መላክ

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ገጽ ይበቃል። ምርጡን መጀመሪያ፣ ሁለተኛውን ምርጥ መጨረሻ አድርጉ። እያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር፦ መጠጡ፣ የተሠራበት ዓላማ፣ የግል ወይም የታዘዘ። አንዱን ሥራ ከስኬቹ እስከ ሞክአፑ አሳዩ፤ ሰው እንዴት እንደምታስቡ ማየት ይፈልጋል። «ይሄም አለኝ» ብላችሁ ደከም ያለውን አትጨምሩ፤ የሚመዝናችሁ ሰው ዓይኑ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ፒዲኤፉ በስልክ ቶሎ የሚከፈት ይሁን። ሙሉውን ቢሃንስ በተባለው የሥራ ማሳያ ድረ ገጽ ላይ፣ ትኩስ ትኩሱን ኢንስታግራምና ቴሌግራም ላይ አድርጉ። ግን ፖስት አድርጎ መጠበቅ ብቻውን አያበላም። ሰፈራችሁ ያለውን ጁስ ቤት ሜኑ አንሱ፣ አንዱን ገጽ በራሳችሁ ሥዕል ሥሩት፣ አሳትማችሁ ለባለቤቱ በእጁ ስጡት። ከሚበዛበት ሰዓት ውጪ ሂዱ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ጥሩ ደንበኛ ናቸው፤ ጠጅን ለማያውቅ እንግዳ ጠጅ ምን እንደሆነ በአንድ ሥዕል ማስረዳት ያስፈልጋቸዋል። ለነሱ ስትልኩ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አድርጉት።

10. ዋጋና ውል

«ለአንድ ሥዕል ስንት ነው?» ሲሏችሁ ቁጥር አትጥሩ። መልሳችሁ ጠይቁ፦ የት ይታተማል? ስንት ኮፒ? ለስንት ጊዜ? አንድ ቅርንጫፍ ያለው ካፌ ሜኑና በየሱቁ የሚደርስ የጁስ ካርቶን አንድ ዋጋ ሊሆኑ አይችሉም፣ ብርጭቆው ያው ቢሆንም። ስንት ጊዜ እርማት እንደምትቀበሉም ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ።

በጽሑፍ ተዋዋሉ። ያው የቅጂ መብት አዋጅ በትዕዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመብቱ ባለቤት ያዘዘው ሰው እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ ሥዕሉን ፖርትፎሊዮ ላይ ማሳየት ከፈለጋችሁ፣ ወይም ለሜኑ የሠራችሁት ነገ ቲሸርት ላይ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ፣ ውሉ ላይ ይስፈር። ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ፊርማ። ከድርጅት ጋር ስትሠሩ ብዙዎቹ ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ጉዳዩን ከሥራው በፊት ጨርሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። «መጀመሪያ በነጻ ሥራልኝና ካማረኝ እናያለን» ለሚል ሰው ፖርትፎሊዮውን አሳዩት፤ የተሠራው ለዚህ ነው። ረቂቁን በትንሽ ፒክሰል፣ ስማችሁ በላዩ ላይ ተጽፎ ላኩ። ሌየሩ ያልተጣበቀውን ዋናውን ፋይል ደግሞ ቀሪው ሒሳብ ከገባ በኋላ።